ሰፌዱ የማን ነው?

ወዳጆቼ፣ ልጆቼ (የቀድሞ ተማሪዎቼን ማለቴ ነው፤ ወልዳችሁ ከብዳችሁም ልጆቼ ናችሁ)፣ ይህቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። ቡና ያፈላችሁ አቦሉን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ደግሞ ቀስ እያላችሁ አንብቧት። የምጽፈው ስለ ሆቴል ነው። «አስተማሪንና ሆቴልን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው።

ባለፈው ክረምት ለቤተሰብ ጉዳይ አዲስ አበባ ወርጄ ነበር። መሄዴን የሰማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለ። ሐይቅ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ የቤት ውስጥ ዲዛይን ይሠራል። «ቲቸር፣ ዘመድ ቤት እንዳይገቡብኝ። ሁለቱን ሌሊት እኔ የሠራሁት ሆቴል ነው የሚያርፉት፤ ባለቤቱን አናግሬዋለሁ። ቡቲክ ሆቴል ነው» አለኝ። ቡቲክ ሲል እኔ የመጣልኝ ደሴ ፒያሳ ያለው የልብስ ሱቅ ነው። «ልብስም ይሸጣሉ እንዴ?» አልኩት። ስልኩ ውስጥ እየሳቀ አስረዳኝ። ክፍሎቹ ጥቂት የሆኑ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መልክ ያለው፣ አልጋ ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ራሱን የሚሸጥ ሆቴል ማለት ነው። እሺ አልኩ። ነፃ ነገር እምቢ የሚል መምህር አይቼ አላውቅም።

የሆቴሉን ስም አልጠራም። ለመክሰስም ለማስተዋወቅም አይደለም የምጽፈው። ቦሌ አካባቢ ነው፤ ይበቃል።

የደረስኩት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የልጁ እናት «ለልጄ አድርስልኝ» ብለው የሰጡኝ ማዳበሪያ ትከሻዬ ላይ ነበር። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ አለው፤ በብብቴ ደግሞ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ አዲስ ሰፌድ ይዣለሁ። እናቱ ሰፌድ ሰፊ ናቸው፤ ሐይቅ ገበያ ላይ ሥራቸውን የማያውቅ የለም። ጥበቃው ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ በትሕትና ነው ያለኝ አይዋሽም፣ «ጌታዬ፣ ዕቃ የሚያስገቡ በጓሮ በር ነው» አለኝ። እንግዳ መሆኔን ነገርኩት። ወደ ውስጥ ደውሎ አጣራ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ማዳበሪያውንም ራሱ ተሸክሞልኝ ገባ። አልተቀየምኩትም። የታዘዘውን ነው የሠራው።

ግን ገብቼ ቀና ስል ምን አየሁ መሰላችሁ? ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ያለው ትልቅ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ሰፌድ ነው። ትልቅ፣ ትንሽ፣ አለላው ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ አረንጓዴ። ከላይ የተደበቀ መብራት እያንዳንዱ ላይ ይወርዳል። ቆጠርኳቸው፤ ክፍል ገብቶ ተማሪ መቁጠር አመል ሆኖብኝ። 34 ናቸው። ብብቴ ውስጥ ያለው 35ኛ መሆኑ ነው፤ እሱ ግን ለጥቂት በጓሮ በር ሊገባ ነበር።

አሁን እውነቱን ልናገር። ሆቴሉ ያምራል። ለመተቸት ብዬ አያምርም ብል እዋሻለሁ። የክፍሌ ግድግዳ በጭድና በጭቃ የተለሰነ ይመስላል፤ እጄን ሳሳልፍበት የአያቴን ቤት አስታወሰኝ። ጣሪያው በሽመል ተማግሯል። መስኮቱ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ላይ እንደ ነጠላ ትዘረጋለች። አልጋው ላይ ከእግር በኩል ጥቁር ባና ተነጥፏል፤ እውነተኛ የበግ ፀጉር። በልጅነቴ አያቴ ዘንድ ስሄድ የምለብሰው ባና ሌሊቱን ሙሉ ያሳክከኝ ነበር። ይሄኛውም ያሳክካል፤ ደስ አለኝ! እኔ እስከዛሬ ያደርኩባቸው ሆቴሎች (የፈተና ሥራ ሲኖር፣ ስልጠና ሲኖር የምንገባባቸውን ታውቋቸዋላችሁ) ወርቃማ መጋረጃ፣ የሚያዳልጥ ሴራሚክና ከአልጋው በላይ የአይፍል ታወር ሥዕል ያላቸው ናቸው። ኮምቦልቻ ተኝተህ ለምን ፓሪስን እንደምታይ ማንም አይነግርህም። እዚህ ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አገሬ ውስጥ ነበርኩ።

መታጠቢያ ቤቱን ዝለሉት። ግድግዳው መስታወት ነው፤ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሁሉም ይታያል። ብቻዬን ሆኜም እያፈርኩ ነው የታጠብኩት።

ነገሩ መከንከን የጀመረኝ በማግስቱ ነው። አልጋው አጠገብ አንዲት በርጩማ አለች፤ አንድ ወጥ እንጨት የተጠረበች፣ መሐሏ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰች። ላይዋ ላይ የንባብ መብራት ተቀምጧል። መብራቱን አውርጄ ተቀመጥኩባት፤ ጫማዬን ለማሰር። በሩ ተንኳኳና ክፍል የምታጸዳው ልጅ ገባች። አየችኝና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።
«ምነው?» አልኳት።
«አይ፣ ይቅርታ። እስከዛሬ የተቀመጠባት ሰው ስላላየሁ ነው።»
አነጋገሯ የእኛ አገር ነው። «የየት አገር ልጅ ነሽ?»
«ወሎ፣ ውጫሌ።»
ውጫሌ ስትል መቼም የታሪክ አስተማሪ ነኝና አንቀጽ 17 ድቅን አለብኝ፤ ተውኩት። አገር ልጅ ከተገናኘ ወዲያ ወሬ አያልቅም። ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የመብራት ማቀፊያ አሳየችኝ፤ ሰፋ ያለ የሽመል ቅርጫት ነው። «ይቺን እኛ ቤት ዶሮ ነው የምናስታቅፍባት» አለችኝ። «ፈረንጆቹ ፎቶ ሲያነሷት ሁልጊዜ እንቁላሉ ይታየኛል።»

ከዚያ ቡና ልጠጣ ወረድኩ። ጀበና አለ፣ ረከቦት አለ፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ቄጠማው ግን ፕላስቲክ ነው። አቦሉ መጣ፤ ግሩም ቡና ነው። ጨርሼ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ቶናው የለም። አስተናጋጇን ጠራኋት። «ሁለተኛ ከፈለጉ አዲስ ይታዘዛል» አለችኝ፤ ዋጋው ያው ነው። እንግዲህ የወሎ ሰው ከበረካ በፊት ከቡና ሲነሳ ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አላስረዳም። ዕቃው በሙሉ አለ። ሥርዓቱ ግን የለም። ጀበናውን ያመጣው ሰው በረካን ጓዳ ትቶት መጣ።

ሐሳቤም እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ሆቴል በአገራችን መሠራቱን እደግፋለሁ፤ በሙሉ ልቤ። ቅሬታዬ ሁለት ነው፦ አንደኛ ዕቃውን ከሥራው መነጠሉ፣ ሁለተኛ ደግሞ ዕቃውን ከሠራው ሰው መነጠሉ። ሁለተኛው ይብሳል፤ እመለስበታለሁ።

«ቡቲክ ሆቴል» የሚለው ስያሜ አዲስ ነው። ብዙዎች መነሻውን እ.ኤ.አ. በ1984 ኒው ዮርክ ከተከፈተው ሞርጋንስ ከተባለው ሆቴል ጋር ያያይዙታል። ሐሳቡ ሁሉም ከተማ ላይ አንድ ዓይነት ክፍል በሚሰጡት ትልልቅ ሆቴሎች መሰልቸት ነበር። ግን ቤት በመልኩ እንግዳ ሲቀበል እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለውን፣ እቴጌ ጣይቱ ያስጀመሩትን የፒያሳውን ጣይቱ ሆቴል እዩ። የእንጨት ደረጃው፣ በረንዳው፣ ከፍ ያለው ጣሪያ ማንም ሳያስተዋውቀው የራሱ ሰው ነው። ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ሲነሳበትና ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ ቤት ሲቃጠል የአዲስ አበባ ሰው እንዴት እንዳዘነ ታስታውሳላችሁ። ለአልጋ ማንም አያዝንም። ያዘነው ለቤቱ ነው።

ሒልተንም አለ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ የተሠራው የአሜሪካ ድርጅት ሆቴል የመዋኛ ገንዳው ቅርጽ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ነው፤ ውኃውም ከአዲስ አበባ ከርሠ ምድር የሚወጣ ፍል ውኃ ነው። አንዳንድ ሰው «መስቀል ላይ እንዴት ይዋኛል?» ብሎ ይከራከራል። ክርክሩን ለካህናት ልተወውና፣ ቢያንስ ሠሪው ከየት እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል። ገንዳውን ያየ ሁሉ «ቤተ ጊዮርጊስ» ይላል። ስሙ ከቅርጹ ጋር አብሮ መጥቷል።

የተሻሉም አሉ። ስሜን ተራሮች ጫፍ፣ ደባርቅ አጠገብ፣ ሊማሊሞ ሎጅ የሚባል አለ፤ ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር ነው። እዚያ አፈሩ ጌጥ አይደለም፤ ቤቱን ተሸክሟል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ደግሞ የድሮ የሐረሪ ቤቶች እንግዳ ማሳደሪያ ሆነዋል። ሐረር ቤት ውስጥ የገባ ያውቃል፦ መደቡ እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ቦታው ራሱ ይናገራል፣ ግድግዳው ደግሞ በስፌት የተሞላ ነው። ልብ በሉ፤ እዚያም ስፌት ይሰቀላል! ግን የቤቱ ሥርዓት ስለሆነ ነው የሚሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ ይወርዳል፣ ይቀርብበታል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። የእኛም እናቶች ሰፌድ ምሰሶ ላይ ይሰቅላሉ። የሚሰቀለው ሊወርድ ነው። እንጀራ ሊወጣበት፣ እህል ሊበጠርበት። የቦሌው ሆቴል ሰፌዶች ግን በብሎን ታስረዋል፤ ነክቼ አይቻለሁ። ቁርስ ላይ እንጀራ ፍርፍር የመጣልኝ በነጭ የሸክላ ሳህን ነው፤ 34 ሰፌድ ከላይ እያየን።

ጃፓኖች ሪዮካን የሚሉት ባህላዊ ማረፊያ አላቸው። እንግዳው ጫማውን ያወልቃል፣ የሣር ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ባህላቸውን አያሳዩህም፤ ያኖሩሃል። እኛስ እንግዳን መሶብ ዙሪያ በርጩማ ላይ ብናስቀምጠው ምን ይሆናል? ጉልበቱን ቢያመው ወንበር እንሰጠዋለን።

እዚህ ላይ «መምህር፣ ሌላው ቢቀር እነሱ ሰቀሉት፤ አንተስ?» የምትሉኝ ካላችሁ ልክ ናችሁ። እኔ ቤት መሶቡ ፍሪጅ ላይ ነው፤ ላስቲክ ለብሶ። የምንበላው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ይህን ስታነብ እንዳትቆጣ፣ ጠረጴዛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሐይቅ ከተማችንም እንዲሁ ናት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከውኃው ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላና መቀሌ የሚያልፍ ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ያገኘናል። ግን አዲስ የሚሠራው ፎቅ ሁሉ ሰማያዊ መስታወትና አሉሚኒየም ነው፤ ለዚያውም አንዳንዱ ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ። ድንጋያችን ያለው እዚሁ ነው፣ ግንበኛውም እዚሁ ነው። በላሊበላ የላስታ ሰው የድሮው ክብ የድንጋይ ቤት ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከላይ ሰው፣ ከታች ከብት። ፎቅ ለመሥራት ቻይና ድረስ መስታወት ማዘዝ አያስፈልግም ነበር ለማለት ያህል ነው። ስለዚህ እኔ ከሁለቱ፣ ከመስታወቱ ሆቴልና ከቦሌው፣ አንዱን ምረጥ ብባል የቦሌውን እመርጣለሁ። እንዲያው ስለምመርጠው ነው የምናደድበት።

አሁን ወደ ሁለተኛው።

እያንዳንዱ ዕቃ ሥር ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ አለች፤ በእንግሊዝኛ። ባናው ሥር «ባህላዊ ብርድ ልብስ» ይላል። የሰፌዶቹ ግድግዳ ሥር «የኢትዮጵያ ባህላዊ ስፌት» ይላል። በቃ። በአንጻሩ በሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ሰሌዳ አለች፤ የሆቴሉ ባለቤት ድርጅት፣ የሕንፃው መሐንዲስ፣ የመብራቱ አስመጪ፣ የቀለሙ ፋብሪካ ሳይቀር ስም ተዘርዝሯል። የተማሪዬም ስም አለ፤ ኮራሁበት፣ ፎቶ አነሳሁት። መብራት ያስመጣው ስም አለው። መብራቱ የሚበራበትን የሠራችው የላትም።

ማታ ተማሪዬ መጣ። በሶውን ሲያይ ዓይኑ በራ። ሰፌዱን ከነጠላው ፈትቶ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰው፤ እናትን መዳሰስ ነበር። እኔም ጠየቅኩት፦ «ግድግዳው ላይ ካሉት ውስጥ የእናትህ ሥራ አለ?»
«አለ ቲቸር። አሥር ያህሉ የእሷ ናቸው። የቀሩትን ከሐይቅና ከውጫሌ ገበያ ነጋዴ ሰበሰበልኝ።»
«ታዲያ ለምን አልተጻፈም?»
ትንሽ ዝም አለ። «ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ባለቤቱ ጽሑፍ ሲበዛ ግድግዳው ይጨናነቃል አለ።»

ፍትሐዊ ልሁን። ባለቤቱ ዕቃውን አልሰረቀም፤ ገዝቷል። ነጋዴውም ከገበያ ገዝቷል። እናቱም ሸጠዋል። «ከሸጠች በኋላ ምን አገባት?» የሚል ይኖራል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ በዚያው ሆቴል ታች ያለው ትንሽ መሸጫ ውስጥ ተመሳሳይ ሰፌድ በ45 ዶላር ይሸጣል። እሳቸው ለነጋዴው የሸጡት በ500 ብር ነው። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ሰፌዱ ቦሌ ሲደርስ አልጨመረም፤ ያው ስንደዶና አክርማ ነው። የመጣው ገዢው ሠሪዋን ስለማያውቃት ነው። ስሟን ቢያውቅ፣ አገሯን ቢያውቅ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቀጥታ ያዛታል። ስም ማለት ለሙገሳ ብቻ አይደለም። አድራሻ ነው። ዋጋ ነው።

ደግሞ ሥራውን እንደ ቀላል አትዩት። ስንደዶው ከክረምቱ መውጫ ላይ ይነቀላል፤ ዘግይተህ ከሄድክ ከብት ይቀድምሃል። ይደርቃል፣ ይመረጣል። አክርማው ይቀለማል፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ስንት ሰዓት እንደሚፈላ እያንዳንዷ ሴት የራሷ ልክ አላት። ከዚያ ወስፌ። አንድ ጥሩ ሰፌድ ከሌላ ሥራ ጋር እየተሠራ ሳምንታት ይወስዳል። ጥለቱ ደግሞ በወረቀት አይነደፍም፤ ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ጥለቱ እንዳይዛነፍ ስፌቱ በጭንቅላት ይቆጠራል። ሒሳብ ነው እኮ! ይህን በጭንቅላቷ የምትሠራ ሴት ናት «ያልተማረች» የምንላት።

ስም መጻፍ ግድግዳ ያጨናንቃል ለሚለው መልሱ ከቤታችን በር ላይ አለ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመጻሕፍት አገር ነው። የግዕዝ ብራና ያየ ሰው ያውቃል፤ ብዙዎቹ ላይ የጻፈው ሰው ስሙን ይጠራል፣ ያስጻፈውንም ይጠራል፣ አንባቢው እንዲጸልይላቸው ይለምናል። ከፈለው ያለው ጌታም፣ ቀለም በጥብጦ ጎንበስ ብሎ የጻፈውም አንድ ገጽ ላይ ናቸው። በዚያ ዘመን ብራና እንደ ወርቅ ነው፤ ቦታ አልነበረም። ግን ለስም ቦታ አላነሰም። እኛ የዚያ ሐይቅ ልጆች ሆነን፣ በአንድ ሙሉ ግድግዳ ላይ ለሠሪዋ ስም የጣት ስፋት አጣን?

ደሴ ያለውን የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ድሃ ሀብታም ሳይል ሁሉም ገብቶ የሚበላበት ስለሆነ ነው ይባላል። አንድ አዳራሽ በጥርቡ ወይም በጣሪያው ሳይሆን በማን መግባት ስሙን ያገኘበት አገር ነው ያለነው። የቦሌው ጥበቃ የጓሮውን በር ሲያሳየኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነበር።

አሁን የራሴን ልናገር፤ ካልተናገርኩ ይህ ሁሉ ወሬ ነው።

ይህ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እያለ ትምህርት ላይ ይሥል ነበር። አንድ ቀን ስለ አክሱም እያስተማርኩ ደብተሩ ላይ አጎንብሶ አየሁት፤ ማስታወሻ እየያዘ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ቀረብኩ። ገጹ ሙሉ ክብ ነው፤ ክብ ውስጥ ክብ፣ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተቆጠረ ጥለት። የእናቱን ሰፌድ እየነደፈ ነበር። እኔ ያኔ አዲስ አስተማሪ ነኝ፣ ክፍሉ 70 ተማሪ ነው፣ ደም ሥሬ ተገታትሯል። ገጹን ቀደድኩት። ክፍሉ ፊት። «ሰፌድ ከፈለግህ ቤትህ ሂድ፤ እዚህ ታሪክ ነው የምንማረው» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

የሠሪዋን ስም ከግድግዳ ላይ ያጠፋው የሆቴሉ ባለቤት ብቻ ነው እንዴ? እኔ ከዚያ በፊት ከደብተሩ ቀድጄዋለሁ። ታሪክ ነው የምንማረው አልኩ፤ ታሪኩ እኮ ደብተሩ ላይ ነበር።

ማታ ራት ላይ አነሳሁለት። «ያን ቀን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት። «የቱን ቲቸር?» አለኝ። ነገርኩት። «ኧረ ረስቼዋለሁ» አለና ወጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። አልረሳም። የወሎ ልጅ ነው፤ ሰው አያሳፍርም።

ስለዚህ እናንተ ልጆቼ፣ ከእናንተ ውስጥ ግንበኛ የሆናችሁ፣ መሐንዲስ የሆናችሁ፣ ሐይቅ ዳር ሎጅ ለመሥራት መሬት የጠየቃችሁ (ሁለታችሁን አውቃለሁ)፣ አስጎብኚ የሆናችሁ፣ ውጭ ሆናችሁ ለቤታችሁ ከአገር ዕቃ የምታስመጡ፣ የምለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ሰፌድ ስትሰቅሉ በሚስማር ስቀሉት እንጂ በብሎን አትሰሩት፤ ይውረድ፣ ይቅረብበት። ስትገዙ «የማን ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጋዴው ካላወቀ ሠሪዋን ፈልጉ፤ ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት፣ በሁለት ቡና ትገኛለች። ከዚያ ጻፉት፤ በአማርኛም፣ በእንግሊዝኛም። ጨዋ ሆቴል ሁለት ቋንቋ አይበዛበትም። ቡና ካፈላችሁ ደግሞ እስከ በረካ። ተማሪዬ ባለቤቱን እንደገና ሊያናግር ቃል ገብቶልኛል። ያልሆነ እንደሆነ በሚቀጥለው ሥራው ላይ ውል ውስጥ አስገባዋለሁ ብሏል፤ ይህቺን ወድጄለታለሁ።

አገር ቤት እንደተመለስኩ ወደ እናቱ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ ስንደዶው በውኃ ርሶ አጠገባቸው አለ። የልጃቸውን ደህንነት ነገርኳቸው። ስልኬን አውጥቼ የግድግዳውን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ካፈላለጉ በኋላ ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አድርገው ብዙ ቆዩ። የምጠብቀው መደነቅ ነበር፤ መብራቱን፣ ትልቅነቱን። እሳቸው ግን በጣታቸው አንድ በአንድ መቁጠር ጀመሩ።

«ይቺ የኔ ናት። ይቺም። ይቺኛዋ ጠርዟ ላልቷል፤ የኔ አይደለችም፣ የማን እንደሆነች ግን አውቃለሁ» አሉና የጎረቤታቸውን ስም ጠሩ። «ይቺ የውጫሌ ናት፤ እነሱ ወይን ጠጁን መሐል ነው የሚያስገቡት።» አንዷ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እሷ ደግሞ አርፋለች። ነፍሷን ይማር። እጇ ከእኛ ሁሉ ይበልጥ ነበር» አሉ።

«እትዬ፣ ስምዎ እዚያ ላይ እንዲጻፍ እየተነጋገርን ነው» አልኳቸው።

«ይጻፉታ። እሷንም ይጻፏት።» ወስፌያቸውን አነሱና ትንሽ ሰፍተው ቀና አሉ። «አንተ ግን መምህር፣ ያን ፌስቡክ የሚሉት ላይ ስሜን እንዳታወጣብኝ።»

እሺ ብያለሁ።